የለሳኙ ማጥቀሻ

አባቷ አፉን የገጠመው እሁድ ምሳ ላይ ነው። አልተቆጣም፣ አልተፋም፣ ሳህኑንም አልወረወረም። ማንኪያው ከንፈሩ ዘንድ ሲደርስ፣ ከውስጥ እንደ ተቀረቀረ በር ዝም ብሎ ተዘጋ። "አንዲት ማንኪያ አባባ፣ በሞቴ" አለችው። በዚያ ቤት በሞቴ ተብሎ እምቢ ያለ ሰው ኖሮ አያውቅም። እሱ ግን ዓይኑን ከፊቷ ወደ ሳህኑ፣ ከሳህኑ ወደ ግድግዳው አዛወረና እዚያው ተከለው።

ከክረምቱ በፊት የመታው ስትሮክ ግራ እጁንና ግራ እግሩን አስንፎበታል። ምላሱንም አክብዶበታል፤ የሚናገረው ሁሉ ከሩቅ እንደሚሰማ ሞተር ጉርምርምታ ነው። ጉሮሮው ቀጭን ነገር አይችልም፤ ውሃ እንኳ ወፈር ተደርጎ ካልተበጠበጠ ትን ይለዋል። ጠጣርም አይችልም። የቀረለት በሁለቱ መካከል ያለው ብቻ ነው፤ ደቅቆ፣ ልሞ፣ ክሬም የመሰለ ነገር። ወተትና እርጎ ቢሆንለት ግማሹ ጣጣ በተቃለለ ነበር። ነገር ግን እሱና ወተት ከተጣሉ ዕድሜ ልካቸው ነው፤ አንድ ኩባያ ከጠጣ ሆዱ ሲያውከው ይውላል። ለሳኝ ሆኖ በየሕንፃው ሲሠራ፣ የሲሚንቶውን አቧራ ያጥብላችኋል እየተባለ ለሠራተኛው የሚታደለውን ወተት በኮቱ ኪስ ይዞ ቤት ይገባ ነበር። እሷና ታናሽ ወንድሟ ያደጉት በዚያ ወተት ነው።

ስለዚህ ድንች ስትፈጭ፣ ካሮት ስትፈጭ፣ ዱባ ስትፈጭ ወራት አለፉ። የሠራችው ሁሉ ወይ ሾርባ ይሆናል ወይ ሙጫ። እሱም እየተጋፋና እያሳለ ሲውጥ ከርሞ፣ እሁድ በቃኝ አለ።

ሰኞ ነርሷ መጣች። ከጤና ጣቢያው እየተላከች በሽተኞችን በየቤታቸው የምታይ፣ ሁልጊዜ ሌላ ቤት የሚጠብቃት፣ ፈጣን ሴት ናት። የሽማግሌውን የእጅ ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ አየች፤ ምላሱን አየች፤ ከዚያም ሴት ልጁን ወደ በሩ ጠራቻት።

"ሐሙስ እመለሳለሁ" አለቻት። "እስከዚያ በአፋቸው መብላት ካልጀመሩ በአፍንጫቸው ቱቦ ማስገባት ግድ ነው። ሰው በወፈረ የስኳር ውሃ ብቻ አይኖርም።"

"እንደገና?"

"እንደገና።"

ቱቦው ምን እንደሆነ በደንብ ታውቃለች። ሆስፒታል ሳለ አስገብተውለት ነቀለው፤ መልሰው አስገቡት፣ መልሶ ነቀለው። በኋላ ያችን ደህናዋን ቀኝ እጁን በፋሻ ጠቅልለው ከአልጋው ብረት ጋር አሰሯት። አንደኛዋን እጅ በሽታ፣ ሌላዋን ፋሻ ይዟቸው፣ ዕድሜውን ሙሉ በእጁ ሠርቶ ያደረ ሰው ጣሪያ ሲያይ ሰነበተ።

"እጁን ያስሩታል?" ብላ ጠየቀች።

"ካልነቀሉት ምን ያሳስራቸዋል" አለች ነርሷ፤ ሁለቱም እንደሚነቅለው ያውቁ ነበር።

ልጅቷን በሥራ ቦታዋ ኮሌታ ይሏታል። የተማሪ ዩኒፎርም በሚሰፋበት አዳራሽ ውስጥ ከገባች ጀምሮ የሸሚዝ ኮሌታ እንጂ ሌላ ነገር ሰፍታ አታውቅም፤ እናት አባቷ ያወጡላትን ስም ለደመወዝ ካልሆነ የሚጠራው የለም። ከአጠገቧ ባለው የስፌት መኪና ላይ የምትሠራው እጅጌ ትባላለች። እጅጌ ወፍራም፣ ሳቂታ፣ አፏ የማይዘጋ ሴት ናት። "አሁን እኔና አንቺ ባል ብናገባ" ትላለች፣ "ሙሉ ሸሚዝ እንኳ አንሰፋለትም። ደረቱን ከየት እናመጣለታለን?" ኮሌታ በዚህ ቀልድ መሳቅ ካቆመች ቆይታለች፤ እጅጌ ግን ቀልድ የሚያረጅ አይመስላትም።

ማክሰኞ ምሳ ላይ እጅጌ ከቦርሳዋ ክዳን ያለው ብልቃጥ አወጣች። ውስጡ ነጭ፣ ወፍራም፣ ከላይ ዘይት ጠብ ያለበት ነገር ነበር። ዳቦዋን ቆርሳ አጠቀሰችበት።

"ክሬም ነው?" አለች ኮሌታ።

"ላም አለኝ በሰማይ ነው" አለች እጅጌ አፏን ሞልታ። "ወተት የለ፣ ቅቤ የለ። የኔም ሆድ እኮ እንደ አባትሽ ነው፤ ወተት ካየ ይሳደባል። ነጭ ቦሎቄና አበባ ጎመን ነው። ቅመሺ።"

ኮሌታ ቀመሰች። ጥርሷን ሳያስቸግር ምላሷ ላይ ተንሸራቶ ጠፋ። ዳቦውን በእጇ እንደያዘች ቀረች።

"እንዴት ነው እንዲህ የለሰለሰው?"

"ቦሎቄውን አሳድረሽ እስኪፈርስ ትቀቅይዋለሽ። አበባ ጎመኑም ይበስላል። የተላጠ የሱፍ ፍሬ ዘፍዝፈሽ ከነሱ ጋር ትፈጪዋለሽ፤ ክሬም የሚያስመስለው እሱ ነው። ከዚያ ሎሚ፣ ትንሽ ነጭ ሽንኩርት፣ ዘይት ጠብ ጠብ እያደረጉ መፍጨት ነው፤ መፍጫው እስኪለምንሽ ድረስ። አንቺ! እያለቀስሽ ነው?"

"ደክሞኝ ነው።"

"እሱማ ሁላችንም ደክሞናል፤ ሁላችንም አናለቅስም። አባትሽ ናቸው?"

"ሐሙስ ቱቦ ሊያስገቡለት ነው።"

እጅጌ ማኘኳን አቆመች። ብልቃጡን ከደነችና በጠረጴዛው ላይ ወደ ኮሌታ ገፋችው። "ውሰጂው። ጥሬ ነጭ ሽንኩርት ስላለበት ለሳቸው አይሆንም፤ ለዓይንሽ ነው። እንደዚህ ይምሰል።"

ኮሌታ በዚያው ዕለት ቦሎቄ ዘፈዘፈች። ረቡዕ ከሥራ ስትመለስ፣ ቀን ቀን አባቷን የምትጠብቅላት ጎረቤት ነጠላ ጫማዋን ተጫምታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። "አልቀመሰም" አለቻት፤ የቀረውን በትከሻዋ ተናግራ ወደ ቤቷ ሄደች።

ማድ ቤቱ ከመተላለፊያ አይሰፋም። በበራፉ በኩል ጠረጴዛው ይታያል፤ ከጠረጴዛው ጋር የአባቷ ተሽከርካሪ ወንበር። ኮሌታ ቦሎቄውን እሳት ላይ ጣደች፣ አበባ ጎመኑን ቆራርጣ ቀቀለች፣ የሱፍ ፍሬውን አጥልላ መፍጫው ውስጥ ገለበጠች። መፍጫው ጮኸ፣ ጎርበጥበጥ አለ፣ ከዚያ ድምፁ እየወፈረ ሄደ። የተፈጨውን በማጥለያ ላይ አድርጋ በማንኪያ ጀርባ እያሸች አሳለፈችው፤ የቦሎቄው ገለባ ከላይ ቀረ። ወገቧ ከቀን ጀምሮ ተቆልምሞ ነበርና፣ ስትጨርስ ግድግዳውን ተደግፋ ቆየች።

ከነትኩሱ በጎድጓዳ ሳህን አቀረበችለት። አባቷ አየው። ከእሁድ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀኝ እጁ ከጭኑ ላይ ተነሣችና ማንኪያውን ከእጇ ወሰደች። ሳህኑን ጠጋ አደረገችለት።

አባቷ ማንኪያውን ገለበጠ። በጀርባው ምግቡን ከዳር ወደ መሐል ተጫነው፤ ከዚያ ከመሐል ወደ ዳር ሳበው፤ ማንኪያውን እያዞረ አለሰለሰው። አንዲት ሽንትር እስከማይቀርበት ድረስ አስተካከለው። ማንኪያውን አስቀመጠና አውራ ጣቱን መሐሉ ላይ ተጫነ። የጣቱ ጉድጓድ ወዲያው ውሃ ሞላና ተዘጋ። ሳህኑን በእጁ ጀርባ ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ሰደደው።

"አባባ!" ብላ ጮኸች። "ምግብ እኮ ነው! ግድግዳ አይደለም!"

ጩኸቷ ራሷን አስደነገጣት። አባቷ አልደነገጠም። ጣቱን በብርድ ልብሱ ጠረገና ዓይኑን ጨፈነ።

ወንድሟ የደወለው ሳህኑን ገና ሳታነሣ ነው። የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ከጀርባው ሁልጊዜ የሞተር ድምፅና የሚጨቃጨቅ ተሳፋሪ ይሰማል።

"እትዬ፣ እንዴት ዋለ?"

"አልበላም።"

"እንግዲህ ነገ እመጣለሁ። ተራዬን ለጓደኛ ሰጥቻለሁ። ሲስተር የምትለውን እንስማ፤ ቱቦው ይግባለት።"

"እጁን ያስሩታል።"

"ይለምደዋል። ደግሞ እስከ መቼ ነው? አንቺ በደንብ የተኛሽበትን ቀን ታስታውሺዋለሽ? ላንቺ ብዬ እኮ ነው።"

ከተናገረው ውስጥ ሐሰት አልነበረበትም። ስልኩን ከዘጋች በኋላ የቱቦውን ኑሮ አሰበችው። የተዘጋጀ ፈሳሽ በስሪንጅ ቀስ ብሎ ማፍሰስ፣ ማጠብ፣ መክደን። ልመና የለ፣ ማጥለያ የለ፣ ሳል በተሰማ ቁጥር ከአልጋ መዝለል የለ። ሐሳቡ እንደ ንጹሕ አንሶላ ጣፈጣት። ይህን ያህል መጣፈጡን ስታይ ደግሞ ፈራች፤ ብድግ ብላ ሳህኑን ልታነሣ ሄደች።

ሳህኑ ውስጥ ነጩ ምግብ ወደ መሐል ተሰብስቦ፣ በዙሪያው ቀለበት የመሰለ ውሃ ቋጥሯል። ዘንበል አደረገችው፤ ውሃው ብቻውን ፈሰሰ። እሱ አይቶት ነበር፤ እሷ አላየችም። አበባ ጎመን ሲቀቀል የጠጣውን ውሃ ቆይቶ እንደሚተፋ ማን ነገራት? ጉሮሮው ላይ ቢደርስ ወፍራሙ በአንድ መንገድ፣ ቀጭኑ በሌላ ሊሄድ ነበር።

ሐሙስ ከሥራ ግማሽ ቀን ፈቃድ ወሰደች። ጠዋት አባቷን አጥባ፣ ልብሱን ለውጣ፣ ጠረጴዛው ዘንድ አስቀመጠችው። ይህን ጊዜ አበባ ጎመኑን በእንፋሎት ብቻ አበሰለችው። ሲበርድ፣ ከሥራ ቦታ በተረፈ የገበር ጨርቅ ቋጥራ እንደ ካልሲ ጠመዘዘችው። የወጣው ውሃ አንድ ኩባያ ሊሞላ ምንም አልቀረው። ቦሎቄውን ጨመረች፣ የሱፍ ፍሬውን፣ ሎሚውን፤ ነጭ ሽንኩርቱን አብስላ አገባችው። ዘይቱን እያንጠባጠበች ፈጨች። መፍጫው መለመን ሲጀምር የእጅጌን ቃል አስታወሰችና ትንሽ ጨከነችበት። አጠለለችው። የእጅጌን ብልቃጥ አጠገቡ አድርጋ አስተያየችው፤ ተመሳሰለ።

"እስቲ እንግዲህ" ብላ አቀረበችለት።

አባቷ ማንኪያውን ተቀበለ፣ አለሰለሰ፣ አውራ ጣቱን ተጫነ። ውሃ አልወጣም። የጣቱ ጉድጓድ ግን ዳር ዳሩ እየለዘበ፣ እየተጋደመ፣ ቀስ ብሎ ተዘጋ። ሳህኑን ገፋው።

ኮሌታ ማንኪያውን አንሥታ ልትናገረው ስትል አንድ ነገር አየች። ሳህኑ እንደ ትናንቱ ወደ ጫፍ አልሄደም፤ ጠረጴዛው መሐል ላይ ነው የቆመው። የአባቷ መዳፍም ከሳህኑ በላይ አየር ላይ ተዘርግታ፣ ወደ ታች ሁለት ሦስት ጊዜ ዝቅ ዝቅ አለች።

ያንን እጅ ታውቀዋለች። ልጅ ሆና ምሳውን በሳህን ቋጥራ ስትወስድለት፣ አንዳንድ ቀን ባልተጠናቀቀ ሕንፃ ውስጥ፣ አዲስ በተለሰነ ግድግዳ ፊት በተገለበጠ ባልዲ ላይ ቁጭ ብሎ ታገኘው ነበር። ሥራ የፈታ ይመስላል። "ምን እየሠራህ ነው?" ስትለው መዳፉን እንዲህ ዝቅ ዝቅ ያደርግና "ይረፍ" ይላታል። "አሁን ከነካሁት ይከተለኛል፤ ካረፈ በኋላ ግን ይታዘዘኛል።" ያን ጊዜ ስንፍናውን የሚሸፍንበት ይመስላት ነበር።

ወንበር ስባ ከጎኑ ተቀመጠች። ሁለቱም ሳህኑን ማየት ጀመሩ። ወራቱን ሙሉ የፈጨችውን ሁሉ ከነትኩሱ፣ ከነችኮላው ነው አፉ ላይ ያደረሰችው፤ ሥራ እንዳይረፍድባት። ከተቀመጠች በኋላ ደግሞ እግሮቿ ምን ያህል እንደዛሉ ታወቃት። መቀመጡ ብቻውን ደግ ነገር ነበር።

በዚሁ መሐል በሩ ተንኳኳና ወንድሟ ነርሷን አስከትሎ ገባ። ደረጃው ላይ ተገናኝተው ነው። አባቱን ግንባሩ ላይ ሳመ፣ እህቱን ሳመ፤ ከዚያ ሳህኑን አየ፣ እነሱን አየ።

"ምንድን ነው የምትጠብቁት?"

"እስኪያርፍ ነው።"

"ማን?"

"ቦሎቄው።"

ሹፌሩ ወደ ነርሷ ዞረ። "ሲስተር፣ አንድ በሽተኛ ነበረን፤ አሁን ሁለት ሆነውልሻል።"

ነርሷ አልሳቀችም። ማንኪያውን አንሥታ ከምግቡ ጨለፈችና ገለበጠችው። ሳይንጠባጠብ፣ ሳይጣበቅም፣ ተሰብስቦ ሳህኑ ላይ ዱብ አለ። "ለጉሮሯቸው የሚሆን እንዲህ ያለው ነው" አለች። "ግን በዓይን አይበላም። እኔም ሌላ ቤት አለብኝ።" ቦርሳዋን ከፈተችና በላስቲክ የታሸገውን ቱቦ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

አባቷ ቱቦውን አየ። ቀኝ እጁ ጸጥ ብላ ከጠረጴዛው ላይ ወረደችና ብርድ ልብሱ ሥር ገባች።

ሁሉም አዩት። ሹፌሩ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

"ትንሽ ሲስተር" አለች ኮሌታ። "ትንሽ ይቆይ። እሱ ሲለን።"

ነርሷ ሰዓቷን አየችና ወንበር ሳበች። አሁን አራት ሆነው አንድ ሳህን ነጭ ምግብ ከበው ተቀመጡ።

"አባባ" አለ ሹፌሩ ጎንበስ ብሎ፣ "ይሄ ግድግዳ ግን አልዘገየም? ቤቱን መቼ ልንገባበት ነው?"

ሽማግሌው ረጅም ነገር አጉረመረመ። ቃሉ አልተለየም፤ ዜማው ግን ስድብ ነበር። ሹፌሩ ባልጠበቀው ሳቅ ፈነዳ። "ገባኝ፣ ገባኝ! እኔንም እንደ ሲሚንቶ መልሰው ያቡኩኝ እያለ ነው።"

ቀኝ እጁ ከብርድ ልብሱ ሥር ወጣች። ሳህኑን ወደ ራሱ ሳበው። አውራ ጣቱን ተጫነ፣ አነሣ። ጉድጓዱ ቀረ። የጣቱ መስመሮች እንኳ፣ በሲሚንቶ ተበልተው ያለቁት ሳይቀሩ፣ ነጩ ላይ ታትመው ታዩ። እሱም አየው፤ ቸኮል አላለም። ከዚያ ማንኪያውን አነሣ፣ ከዳር በኩል ቀረፍ አደረገና ወደ አፉ ወሰደው።

ከንፈሩ ተከፈተ።

ነርሷ ጣቷን ጉሮሮው ላይ አሳርፋ ነበር። ጉሮሮው ወጣ፣ ወረደ። "አ ይበሉ አባባ" አለችው። አለ፤ ድምፁ ወፍራም ነው፣ ግን ውሃ ውስጥ የሚንተከተክ አይደለም። "ይድገሙት።" ደገመ። አንዴ የሳለ መሰለና ሁሉም ተነሡ፤ ጉሮሮውን መጥረጉ ነበር፤ ተቀመጡ። ሳህኑ ሲጋመስ ማንኪያውን አስቀመጠ። ግንባሩ ላቦ ነበር። መብላት ለእሱ የግድግዳ ያህል ሥራ ሆኗል።

ነርሷ ቱቦውን ወደ ቦርሳዋ መለሰችው። "ዛሬ ይቅር" አለች። "ግን አንዴ መብላት መብላት አይደለም። ትንሽ ትንሽ እያለ በቀን አራቴ ይሁን፤ እንዲህ ሆኖ፣ ከዚህ ሳይቀጥን። አትክልቱም ይለዋወጥ። በሚቀጥለው ሳምንት ከከሱ ግን አልለመንም።" ቦርሳዋን ይዛ ወጣች።

በቀን አራቴ። ኮሌታ ሳህኑን እያየች በሐሳቧ ቀቀለች፣ ጠመዘዘች፣ ፈጨች፣ አጠለለች፣ ማረፉን ጠበቀች። ጎረቤቲቱ ቦሎቄ እስኪያርፍ አትቀመጥም፤ ኮሌታ ራሷ ጠዋት ሠርታ ትታላት መሄድ አለባት፤ ለዚያ ደግሞ ከአሁኑ ይበልጥ ማልዳ መነሣት። ካሮት ስንት ውሃ ይተፋል? ዝኩኒስ? ሁሉንም ከእንግዲህ ልትማረው ነው። አባቷ ወንበሩ ላይ አገጩን ደረቱ ላይ ጥሎ እንቅልፍ ወስዶታል። ከሳህኑ የቀረውን በዳቦ ጠርጋ አፏ ውስጥ ከተተች። ጨው ረስታ ኖሯል።

ወንድሟ ለመሄድ ኮቱን ለብሶ በሩ ዘንድ ቆመ፤ መያዣውን ይዞ ሳይከፍተው ቆየ።

"እውነቱን ልንገርሽ እትዬ፣ አትቆጪኝም?"

"ንገረኝ።"

"ቱቦው ቢገባለት ደስ ይለኝ ነበር። ላንቺም፣ ለኔም።"

"እኔንም ደስ ይለኝ ነበር" አለች።

"ታዲያ?"

"ታዲያማ ምን ላድርገው? በላ።"

ሹፌሩ ራሱን ነቅንቆ በሩን ከፈተ። እሷም የቦሎቄውን ከረጢት አውርዳ ሳፋው ውስጥ ዘረገፈችና ውሃ ከፈተችበት።